ስልጣኑን በፈቃዱ የሚለቅ ፕሮግራም

ክርክሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠው፦ ከኢንተርኔት የሚመጣ ነገር የሚቀበል ፕሮግራም ጽፎ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር የማያስፈልገውን ስልጣን እንዲለቅ ያላደረገ ዴቨሎፐር ሥራውን አልጨረሰም። «ቢያደርገው ጥሩ ነበር» አላልኩም። አልጨረሰም ነው ያልኩት። በርና መስኮት ሳይገጥም ቤት አስረክቦ ቀሪ ክፍያ እንደሚጠይቅ ኮንትራክተር ነው።

ይህን ስናገር ፊታቸው የሚቀየር ጓደኞች አሉኝ። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ይሉኛል። እሺ፣ ላካብድ። ግን መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ፤ ብዙው ሰው ነገሩን የሚገፋው ምን እንደሆነ ሳያየው ነውና።

ፕሮግራም ብቻውን ምስኪን ፍጡር ነው። ቁጥር ይደምራል፣ የተሰጠው ሜሞሪ ውስጥ ያሉትን ባይቶች ያገላብጣል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ የከርነሉ ነው። ፋይል መክፈት ቢፈልግ ከርነሉን ይጠይቃል። ኔትወርክ ላይ አንድ ባይት መላክ ቢፈልግ ይጠይቃል። ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ቢፈልግም ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ሲስተም ኮል ይባላሉ፤ ሊኑክስ ላይ ከ300 በላይ ናቸው። እንደ ቀበሌ መስኮት አስቡት፦ ጉዳይ ያለው ሁሉ እዚያ ቆሞ የጉዳዩን ቁጥር ይናገራል። ልዩነቱ ይኸኛው መስኮት «ሠራተኛው ስብሰባ ገብቷል» አይልም። ሌላ ልዩነት ደግሞ አለ፤ ካላስከለከላችሁት በቀር ጉዳዩ ከእናንተ ፕሮግራም ሥራ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ብሎ አይጠይቅም።

አሁን አጥቂውን አስቡ። ኮዳችሁ ውስጥ ቀዳዳ አገኘና የራሱን ትእዛዝ በእናንተ ፕሮሰስ ውስጥ ማስሮጥ ቻለ እንበል። ይህ ገና የድሉ ግማሽ ነው። የሚፈልገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ሼል መክፈት፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል ማንበብ፣ ጎን ወዳለው ማሽን መሻገር፣ ዘረፋውን ወደ ውጭ መላክ። እነዚህ ሁሉ በዚያው መስኮት ነው የሚያልፉት። በእናንተ ስም፣ በእናንተ ፕሮግራም መታወቂያ ይሰለፋል፤ ከርነሉም ያስተናግደዋል። ለምን አያስተናግደው? አትፍቀድ ያለው የለም።

«አትፍቀድ» የምንልበት መንገድ ግን አለ፤ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድሪያ አርካንጄሊ የተባለ የከርነል ፕሮግራመር ሴክኮምፕ የሚባለውን ነገር ወደ ሊኑክስ 2.6.12 አስገባ። ያኔ ጨካኝ ነበር፦ ፕሮሰሱ አንዴ ከገባበት አስቀድሞ ከከፈተው ላይ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ከሲግናል መመለስና መውጣት ብቻ ይፈቀድለታል፤ ሌላ ነገር ከጠየቀ እዚያው ይገደላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ለእውነተኛ ሰርቨር በጣም ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊል ድሩሪ የጎግል ኢንጂነር ሆኖ የሠራው ማጣሪያ ከሊኑክስ 3.5 ጋር ሲወጣ ነገሩ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስፈልጉትን ሲስተም ኮሎች ዝርዝር ትንሽ የማጣሪያ ኮድ አድርጎ ለከርነሉ ይሰጣል። ከርነሉም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ያንን ኮድ አስኪዶ ይወስናል፦ ይለፍ፣ ስህተት ይመለስለት ወይም ፕሮሰሱ ይገደል።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ማጣሪያው አንዴ ከተጫነ አይነሳም። ፕሮግራሙ ራሱ ተጸጽቶ «መልሱልኝ» ቢል እንኳ አይመለስለትም። ልጆቹም ይወርሱታል። የሚጨመር ማጣሪያ ይበልጥ ማጥበብ ብቻ ነው የሚችለው። በታሪካችን ስልጣኑን በፈቃዱ የለቀቀ ብዙ አናውቅም፤ ለቅቆ ደግሞ በጓሮ በር ተመልሶ እንዳይመጣ ቁልፉን የወረወረማ እንኳን። ሶፍትዌር ውስጥ ግን ይህ ይቻላል፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ደርዘን የኮድ መስመር ነው።

ወደ እኔ ሥራ ላምጣው። በአንድ ወቅት የከባድ መኪና መከታተያ መሣሪያዎች የሚልኩትን መረጃ የሚቀበል ሰርቨር ላይ እሠራ ነበር። በሲ የተጻፈ ነው። መሣሪያው ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና ሰዓቱን በባይት ጠቅልሎ ይልካል፤ ሰርቨሩ ይፈታዋል፣ አስቀድሞ በተከፈተ ግንኙነት ወደ ዳታቤዝ ያሳልፈዋል። በቃ። ስትሬስ በሚባለው መሣሪያ አንድ ሙሉ ቀን ተከታተልኩት። ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚጠራቸው የሲስተም ኮል ዓይነቶች ሃያ እንኳ አልሞሉም፦ አዲስ ግንኙነት መቀበል፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መጠበቅ፣ መዝጋት፣ ሜሞሪ መጠየቅና የመሳሰሉት። አዲስ ፋይል አይከፍትም። ሌላ ፕሮግራም አያስነሳም። ወደ ሌላ ማሽን አዲስ ግንኙነት አይጀምርም። እነዚህን ሁሉ ማድረግ ግን ይችላል፤ ከ300 በላይ በሮች ተከፍተውለት በሃያዎቹ እንኳ አይወጣም አይገባም። የቀሩትን ማን እንደሚጠቀምባቸው ገምቱ።

ማጣሪያውን ጽፌ አቀረብኩ። የተሰጠኝ መልስ «ፋየርዎል አለን፣ ይሄ ለጎግል ነው፣ ለሚቀጥለው ስፕሪንት እናቆየው» የሚል ነበር። የሚቀጥለው ስፕሪንት እኔ እስክለቅ ድረስ አልመጣም። ሰርቨሩ የያዘው ምን እንደነበር ደግሞ አስታውሱ፦ የትኛው መኪና ከጅቡቲ መስመር የት ጋር እንደደረሰ፣ ማታ የት እንደሚቆም፣ ሾፌሩ የት እንደሚያድር። መንገዱ ሰላም ባጣበት ጊዜ ይህን ማወቅ ለማን እንደሚጠቅም ልነግራችሁ አያስፈልግም። ስለ «ዳታ» ስናወራ የሚረሳን ይህ ነው፤ ከዳታው ጀርባ መሪ የጨበጠ ሰው አለ።

አሁን የምሰማቸውን ሰበቦች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ፋየርዎል አለን።» ፋየርዎሉ ሰርቨራችሁ የሚያዳምጥበትን ፖርት ክፍት አድርጎታል፤ ካልከፈተው ሰርቨሩ ሥራ የለውማ። አጥቂው የሚመጣው በዚያው በር ነው፤ ከደንበኛው ጋር ተሰልፎ፣ እንደ ደንበኛ ለብሶ። ዘበኛው «ግባ» ካለው በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ዘበኛው አያይም።

«ኮንቴይነር ውስጥ ነው።» ይህኛውን በጣም ነው የምሰማው፤ በጣምም ያናድደኛል። ዶከር አብሮት የሚመጣ ማጣሪያ አለው፤ እውነት ነው። በዶከር ሰነድ መሠረት ከ300 በላይ ከሆኑት ወደ 44 የሚሆኑትን ይዘጋል። ለምን 44 ብቻ? የማንንም ፕሮግራም እንዳያበላሽ ስለተሠራ። ለሁሉም የሚሆን ልብስ ለማንም ልኩ አይደለም። ፋይል መክፈት፣ ፕሮግራም ማስነሳት፣ ወደ ሌላ ማሽን መገናኘት ሁሉም እንደተፈቀዱ ናቸው። ኩበርኔቲስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይብሳል፦ ማጣሪያ ካልጠየቃችሁ ያለ ማጣሪያ ነው የሚያስነሳችሁ። ማጣሪያውን የሁሉም መነሻ የሚያደርገው ቅንብር በቋሚነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2023 በ1.27 ነው፤ ያም ሆኖ እናንተ ካላበራችሁት አይበራም። ስንቶቻችሁ አበርታችኋል?

እዚህ ጋ የክርክሬ እምብርት አለ፤ ቆም በሉ። ከውጭ የሚጫን ማጣሪያ፣ ዶከርም ይሁን ሲስተምዲ፣ ሊሻገረው የማይችለው ግድግዳ አለ። ማጣሪያው የሚጫነው ፕሮግራማችሁ ከመነሳቱ በፊት ነው። ፕሮግራማችሁን ለማስነሳት ደግሞ «ፕሮግራም አስነሳ» የሚለው ሲስተም ኮል የግድ መፈቀድ አለበት፤ ሲስተምዲ ባትጽፉትም በራሱ ይፈቅደዋል። ስለዚህ አጥቂው አብዝቶ የሚመኘው በር ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያም ፕሮግራሙ ሲነሳ የቅንብር ፋይሉን ያነባል፣ ላይብረሪዎቹን ይጭናል፣ ከዳታቤዝ ጋር ይገናኛል፤ ከውጭ የመጣው ማጣሪያ ይህንንም ሁሉ መፍቀድ አለበት፤ ደግሞም እስከ መጨረሻው።

ዝግጅቱ አልቆ ሥራው የሚጀምርባትን ቅጽበት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ኮዱን የጻፈው። «ፋይሎቼን ከፍቻለሁ፣ ሶኬቴን ይዣለሁ፣ ከዚህ በኋላ ይህን ብቻ ነው የምፈልገው» የሚለው መስመር የሚጻፈው ኮዱ ውስጥ ነው። «የኦፕስ ልጆች ያስተካክሉታል» የምንለው ለዚህ ነው የማይሠራው። ኦፕስ ውስጥ ያለው ልጅ በሌሊት ተጠርቶ የሚነሳው ይበቃዋል፤ የእናንተን ሥራ አትደርቡበት።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ የተረዱት የኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ ሰዎች ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 5.9 ላይ ፕሌጅ የሚባል ሲስተም ኮል አስገቡ፤ ትርጉሙ ቃል መግባት ነው። ፕሮግራሙ ከዝግጅት በኋላ በአጭር ቃል «ከዚህ በኋላ ኔትወርክ ብቻ» ወይም «ፋይል ማንበብ ብቻ» ብሎ ቃል ይገባል። ቃሉን ካፈረሰ ከርነሉ ይገድለዋል። የ300 ነገር ዝርዝር ማጥናት የለም። ከዚያም ይህን ለማንም «እስኪደርስ» ብለው አልተዉትም፤ ራሳቸው የሚያሰራጯቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እያስገቡ ሄዱ። ሊኑክስ ላይ ያለው መንገድ ከዚህ የበለጠ አድካሚ ነው፤ አልክድም። ሊብሴክኮምፕ የተባለው ላይብረሪ ግን ግማሹን ሸክም ያነሳላችኋል።

ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤችን ውሰዱ፤ በየቀኑ ሰርቨር የምንገባበትን። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ራሱን ይከፋፍላል፦ የይለፍ ቃል ገና ካላቀረበ ባዕድ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ስልጣን የለውም፤ ስልጣን ያለው ክፍል ከባዕድ ጋር አይነጋገርም። ሊኑክስ ላይ የሴክኮምፕ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጨመረለት፤ ማጣሪያው ከርነሉ ውስጥ በገባበት በዚያው ዓመት። አስተሳሰቡን ልብ በሉ። «ኮዳችን ጎበዝ ስለሆነ አይሰበርም» አላሉም። «ሲሰበር ምን በእጁ ይገባል?» ብለው ነው የጠየቁት።

«እኛ ሲ አንጽፍም፣ ቋንቋችን አስተማማኝ ነው።» ደስ ይላል፤ በእውነት። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ታኅሣሥ ዓለምን ያስጨነቀው ሎግፎርሼል የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። የሜሞሪ ስህተት አልነበረም፤ ላይብረሪው በሎግ ውስጥ የተጻፈለትን አድራሻ ተከትሎ የባዕድ ኮድ ያመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሜጅማጂክ ላይ የተገኘውም ስዕል መስሎ የተላከ ፋይል የሼል ትእዛዝ የሚያስሮጥበት ቀዳዳ ነበር። ቋንቋችሁ ከአንድ ዓይነት ስህተት ያድናችኋል። ከሁሉም አያድናችሁም።

«ላይብረሪ በተሻሻለ ቁጥር ይሰበራል።» ይህ ከሰበቦቹ ሁሉ ሐቀኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጂሊብሲ 2.34 ክር ለመፍጠር ክሎን 3 የተባለውን አዲስ ሲስተም ኮል መጠቀም ሲጀምር፣ በቆየ ዶከር ላይ የተነሱ አዳዲስ ኮንቴይነሮች ወደቁ። ማጣሪያው አዲሱን ጥሪ አያውቀውም፤ «አልተፈቀደም» ብሎ መለሰ። «እንዲህ ያለ ጥሪ የለም» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ጂሊብሲ በድሮው መንገድ ይቀጥል ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ማጣሪያ አትጠቀሙ» አይደለም። ለማታውቁት ጥሪ የትኛውን ስህተት እንደምትመልሱ አስባችሁ ምረጡ፣ ማጣሪያውንም እንደ ማንኛውም ኮድ ፈትኑት ነው። ዳታቤዝ ስናሻሽልም ነገር ይሰበራል፤ ዳታቤዝ እንተው ያለ ግን አልሰማሁም።

«ማን እኛን ይፈልጋል?» ማንም በስም አይፈልጋችሁም። የሚፈልጋችሁ የኢንተርኔትን አድራሻ ሁሉ በተራ የሚያንኳኳ ሮቦት ነው። አዲስ ሰርቨር ከፍታችሁ የመግቢያ ሎጉን ነገ ጠዋት አንብቡት፤ እንግዶቻችሁን ታገኟቸዋላችሁ።

ማጣሪያ ሁሉን ይፈውሳል እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ሻጭ ነው። ሴክኮምፕ የሚያየው የጥሪውን ቁጥርና የቀረቡለትን ቁጥሮች ብቻ ነው። የፋይሉን ስም የያዘው ጽሑፍ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ አያነበውም፤ ስለዚህ «ይህን ፋይል ክፈት፣ ያንን ግን አትክፈት» ማለት አይችልም። ለዚያ ሊኑክስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የገባው ላንድሎክ አለ። አይኦ ዩሪንግ የተባለው መንገድ ከተፈቀደ ደግሞ በእሱ በኩል የሚያልፉ ሥራዎችን ማጣሪያው አያያቸውም፤ ስለዚህ ካላስፈለጋችሁ ዝጉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው ሃርትብሊድ ዓይነት ቀዳዳም ማጣሪያ አያስቆመውም፤ እዚያ የተሰረቀው ነገር ፕሮግራሙ ራሱ ሜሞሪ ውስጥ ነበር፣ የወጣውም በተፈቀደው «ጻፍ» ነው። በሩን መቆለፍ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን ሌባ አያስወጣም። ግን ሌባው ከሳሎን አልፎ መኝታ ቤትና ጎረቤት ቤት እንዳይገባ ማድረግ ትንሽ ነገር ነው?

የሚያስቀኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ጀምሮ፣ አፖቹን በሴክኮምፕ ማጣሪያ ውስጥ ነው የሚያስኬደው። የከረሜላ ጨዋታ የጫነች እህቴ ስልክ ላይ ያ ጨዋታ የተከለከለው ጥሪ አለ። የስንት ሺህ ሰው መረጃ የያዘው የእኛ ሰርቨር ግን እንደ ልቡ ነው። መታወቂያችን ፋይዳ ሆኗል፣ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል፣ የሆስፒታል ካርዳችንም እየተከተለ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ የሚቆመውን ኮድ ደግሞ የምንጽፈው እኛ ነን፤ ይህን የምታነቡት በሃያዎቹ ዕድሜ ያላችሁ ልጆች።

አሁንም ካላመናችሁኝ ሌባውን ራሱን ጠይቁት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር የኤስ.ኤስ.ኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር፣ ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እምነት ሲያተርፍ ቆይቶ ነበር። ሰዎች ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ ሲመረምሩ ሌላ ነገር አገኙ። ኤክስዜድ ላንድሎክን ተጠቅሞ ራሱን የሚገድብበት ክፍል ነበረው። ሰውየው ሲሠራ «ይህ ማሽን ላንድሎክ አለው ወይ?» ብሎ በሚፈትነው ኮድ ውስጥ አንዲት ነጥብ አስገብቷል። ለብቻዋ መስመር ላይ የቆመች አንዲት ነጥብ። በእሷ ምክንያት ፈተናው ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ፕሮግራሙም «ላንድሎክ የለም» ብሎ ያለ ገደብ ይገነባል።

ሁለት ዓመት የለፋ፣ የሚሠራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው፣ ጊዜ ወስዶ ከነካቸው ነገሮች አንዱ ሳንድቦክሱ ነበር። ጥቅም የሌለው «ለጎግል ብቻ» የሆነ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ባልደከመበት። እኛ ዘንድ ቢመጣ ያቺን ነጥብ ማስገባት እንኳ አያስፈልገውም፤ የሚያጠፋው ነገር አልሠራንለትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በዚህ ሳምንት ከጻፋችኋቸው ሰርቨሮች አንዱን ምረጡ። መሞከሪያ ማሽን ላይ ስትሬስ ሥር አድርጋችሁ አሠሩት፤ ስህተት የሚፈጥሩ ጥያቄዎችንም ላኩበት፣ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ የሚጠራው ይለያልና። ዝርዝሩን አውጡ። ዝግጅቱ የሚያልቅበትን መስመር ኮዱ ውስጥ ፈልጉ። መጀመሪያ ሳትከለክሉ ሎግ ብቻ የሚያደርግ ማጣሪያ እዚያ አስቀምጡ፤ ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ወደ ክልከላ ቀይሩት። «ሎግ ብቻ» ላይ ተኝታችሁ አትቅሩ፤ የሚጮህ እንጂ የማይነክስ ውሻ ይሆናል። ሁሉንም ማድረግ ካቃታችሁ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳትን ብቻ ዝጉ፤ እሱ ብቻውን የስንቱን አጥቂ ቀን ያበላሻል።

አለቃችሁ «ለሚቀጥለው ስፕሪንት» ካለ፣ ሰርቨሩ የማያስፈልጉትን ነገሮች ዝርዝር አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይህን ለማን ነው ያስቀመጥነው?» ብላችሁ ጻፉ። ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ አገራችን ሞልቷል። ከመሄዱ በፊት ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት በሩን የዘጋ ነው የጠፋው።